አንድ ቤት ከገዛ ይበቃል

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ሌላውን እናዘዛለሁ፤ ሐሜቴን፣ ቂሜን፣ ቅዳሴ አጋማሽ ላይ ገብቼ ከመጀመሪያው እንደነበረ ሰው መቆሜን። እዚህ ጉዳይ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያዛል። አንዳንድ ጊዜ የሚይዘኝ ኀፍረት ይመስለኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከየት እንደምጀምር አለማወቄ። "አባ፣ ፔይ ፐር ቪው የሚባል ነገር አለ" ብዬ ልጀምር? ምን ብለው ይፍቱኝ? የሰው ዓይን አጠፋሁ ልበል? እጄን በማንም ላይ አላነሣሁም። ሰረቅሁ ልበል? የማንም ሳንቲም ኪሴ አልገባም። ዋሸሁ ልበል? ይህ ይቀርባል፤ ነገር ግን የዋሸሁት በሁለት አጫጭር ንግግሮች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝምታ ስንት ስግደት እንደሚያሰጥ አላውቅም። ስለዚህ ለእርስዎ ለአንባቢዬ ልንገርዎትና የበደሉን ስም እርስዎ ያውጡለት። እኔ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ልጁ ሚኪያስ ይባላል፤ ሚኪ ነው የምንለው። ቦክሰኛ ነበር። እናቱ እትዬ ጽጌ ናቸው፤ እኔን ሰው ያደረጉኝ ሴት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አብረን ጽዳት ስንሠራ እኔ ከፊደል አልፌ ብዙም የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሌሎች ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ በሚልኩበት ዕድሜ እኔ ቦርሳ አንግቤ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ የሂሳብ አያያዝ ለመማር። ክፍለ ጊዜዬ ከሥራዬ ጋር ሲጋጭ እትዬ ጽጌ "አንቺ ሂጂ፣ የሁለታችንንም እኔ እገፋዋለሁ" ይሉኝ ነበር። የሚገፉት የጽዳት ጋሪውን ነው። ሁለት ጋሪ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ለሐኪሙ "ከዕድሜ ነው" ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ከዕድሜ ብቻ እንዳልነበረ እያወቅሁ።

ተማርኩ። ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ የሂሳብ ቢሮ ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን፣ ሮተርዳም ያለውን ሻርሎይስ ማለቴ ነው፣ ሰማያዊው የግብር ፖስታ የደረሰው ሁሉ ሳይከፍተው ወደ እኔ ያመጣው ጀመር። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ወረቀት ግን እወዳለሁ። አንድም ቃል ሳላልፍ አነብባለሁ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታምሩ "የኛ ኖታሪስ" የሚል ስም አወጡልኝ፤ ኖታሪስ እዚህ አገር ውል የሚያጸድቀው ሹም ነው። ይቀልዳሉ፤ እኔ ግን ስሙን ሳልወደው አልቀረሁም። እንዲያውም እዚህ ላይ ይሆን የጀመረው? በቀልድ የተሰጠኝን ሹመት ከልቤ ስቀበል?

ሚኪ የሚሰለጥነው ከሮተርዳም አጠገብ ባለችው ስኪዳም ነበር፤ ከድሮዎቹ የአረቄ መጋዘኖች ባንዱ ውስጥ ጂም በከፈተው በሄንክ ዘንድ። ሄንክ አሰልጣኙም ማናጀሩም ነበር፤ ብዙ የማይናገር፣ ጆሮው የተጨማደደ ሆላንዳዊ። ሚኪ "ኦም ሄንክ" ይለዋል፤ አጎቴ እንደማለት። አባቱን ስላላወቀ ይሁን አላውቅም፣ ሄንክ ተቀመጥ ካለው ይቀመጣል፣ ብላ ካለው ይበላል። እናቱ ይቀኑ ነበር። "እኔ ስለምነው የማይሰማውን ያ ፈረንጅ በቅንድቡ ያዘዋል" ይሉኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኪ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ለቀጣዩ ግጥሚያው የቀረበለት ውል ነው። እናቱም አብረውት ነበሩ።

ነገሩን ላስረዳዎት። እንዲህ ያለው ግጥሚያ በተራው ቴሌቪዥን አይታይም። ማየት የፈለገ ሰው ለዚያች ምሽት ብቻ በኢንተርኔት ከፍሎ ይገዛል፤ ፔይ ፐር ቪው የሚሉት ይህንኑ ነው። ቦክሰኛው ታዲያ ከሁለት ባንዱ መንገድ ይከፈለዋል። አንደኛው ቁርጥ ነው፤ ሰው አየም አላየም፣ አሸነፈም ተሸነፈም የተባለው ይሰጠዋል። በሁለተኛው ቁርጡ ያንስና ከሽያጩ ድርሻ ይታሰብለታል። ስማቸውን ዓለም የሚያውቃቸው ቦክሰኞች የሚከብሩት በሁለተኛው ነው። ለትንንሾቹ ድርሻ የሚባል ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይነሣላቸውም። ለሚኪ ግን የግጥሚያው አዘጋጅ ሁለቱንም አቅርቦ ምረጥ አለው። ለምን ቢሉ ተስፋ ያደረገው በእኛ ነው። ሐበሻ ልጁን ሊያይ በየቤቱ ይገዛል ብሎ ነው። ለሚኪ የራሱ ሊንክ ተሰጠው፤ በዚያ ሊንክ የገባ ገዢ ሁሉ የእሱ ተብሎ ይመዘገባል። ድርሻው የሚጀምረው ግን ገዢዎቹ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፉ ነው። ካላለፉ ምንም የለም። ካለፉም አዘጋጁ ወጪውን አስቀድሞ ያነሣል፤ ከተረፈው አሰልጣኙ የራሱን፣ መንግሥት የራሱን ይወስዳል፤ ለልምምድ አጋሮች የተከፈለው፣ ለማረፊያ የወጣው ሁሉ ከዚያው ይቆረጣል። ሰው ስለ ቦክሰኛ ገንዘብ የሚሰማውና ቦክሰኛው እጅ የሚገባው አይተዋወቁም።

ሚኪ ቁርጡን ነበር የሚፈልገው። ይህን አሥሬ ብጽፈው አይበቃኝም፤ ልጁ ቁርጡን ነበር የሚፈልገው።

"ሰብልዬ፣ እኔ ኸዎን ቁርጡን ልውሰድ" አለኝ። አንቺ ይለኛል፤ እዚህ ያደጉት እንደዚያ ናቸው፤ ኸዎንን ደግሞ እንደ ጨው ሁሉም ነገር ላይ ይነሰንሱታል፤ 'በቃ፣ ዝም ብዬ' እንደማለት ነው። "የማገኘውን ልወቅና ልረፍ። ከዚህ በኋላ አልገጥምም። ሻርሎይስ ትንሽ ጂም ተከራይቼ ልጆች አስተምራለሁ። ሄንክም ቁርጡን ነው የሚለው።"

"እሰይ፣ አፍህ ቅቤ ይጠጣ" አሉ እናቱ።

እኔ ግን እርሳስ አነሣሁ። በየቤቱ አንድ አንድ ቢገዛ፣ ሮተርዳም ብቻ እንዲህ፣ አምስተርዳምና ዴን ሃግ ሲጨመሩ እንዲህ፣ ቤልጅየምና ጀርመን ያሉት ባይቆጠሩ እንኳ እንዲህ። ስሌቱ የሚገርም ነበር። በቁርጡ ለጂሙ ኪራይ ብቻ የሚበቃው ልጅ በድርሻው ዕቃውንም አሟልቶ ይከፍታል። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁለት። "ሄንክ እኛን አያውቀንም" አልኩት። "የኛ ሰው ለራሱ ልጅ አይሰስትም። እያንዳንዱ ቤት ይገዛል፤ ይህን እኔ አረጋግጥልሃለሁ።"

አዩት? "እኔ አረጋግጥልሃለሁ" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ልጁ ምርጫውን ይዞ ነበር የመጣው፤ እኔ እንዳነብለት እንጂ እንድመርጥለት አልነበረም። እናቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያሉ። በመጨረሻ "እንግዲህ የተማረችው እሷ ናት፣ እሷ ያለችውን አድርግ" አሉት። ፈረመ።

ይህን ስህተት ይሉት ይሆናል። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የእኛ ሰው ለልጁ አለመሰሰቱ እውነት ነው፤ ስሌቴም ትክክል ነበር። ስሌቱ ውስጥ ያላስገባሁት እኛ ደስታንም ሐዘንንም በየቤታችን በር ዘግተን እንደማናሳልፍ ነው። እንዴት ረሳሁት? እኔ ከሌላ አገር ነው የመጣሁት?

ግጥሚያው ሲቃረብ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን ሳለ ጋሽ ታምሩ ብድግ አሉ።

"ስሙኝማ። ቅዳሜ ማንም ቤቱ እንዳይቀር፤ ልጃችንን እዚሁ አብረን ነው የምናየው። ትልቁን ስክሪን እኔ አመጣለሁ። አንድ ቤት ከገዛ ይበቃል፤ ሌላው ለበግ ያዋጣል።"

"በጉም በሊንክ ነው የሚገዛው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተ የምትመጣ ከሆነ ሁለት በግ ነው" አሉት፤ አዳራሹ ሳቀ። "ለአምስተርዳምም ለዴን ሃግም ደውያለሁ፤ እነሱም በየአዳራሻቸው እንደኛው ሊያደርጉ ነው። ቀንተው ነው እንጂ ሐሳቡ የኛ ነው።"

እኔ አልሳቅሁም። በዚያች ደቂቃ ስሌቴ ሲፈርስ ይታየኝ ነበር። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ፣ በውሉ ዓይን አንድ ገዢ ነው። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ገዢ። ይህን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ጽጌ አጠገቤ ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሰብለ፣ ይኼ እንዲህ መሆኑ ለልጁ ጉዳት የለውም አይደል?"

"የለውም እትዬ" አልኳቸው። "ልዩነት የለውም።"

የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸው ነው። ልዩነት የለውም። ለአዳራሹ አይደለም የዋሸሁት፤ ጋሪዬን ለገፉልኝ ሴት ነው።

ለምን? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ ራሴን፤ በየጊዜው የማገኘው መልስ ይለያያል። አንዳንዴ ማፈሬ ነው እላለሁ። ተነሥቼ "የለም፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይክፈል" ብል ምን ይባላል? የገዛ ልጃችንን ለማየት ክፈሉ? በለቅሶ ድንኳን በር ላይ ትኬት መቁረጥ ማለት እኮ ነው። ሰዉ በጉን፣ ለስላሳውን፣ የአዳራሹን ኪራይ ሳይነግሩት ያዋጣል፤ ለሊንክ ክፈል ሲሉት ግን ልጁን የሸጡት ይመስለዋል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ምክንያት ይሆናል? ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ የለም፣ አንቺ የፈራሽው "ድርሻውን ይውሰድ ብሎ የመከረው ማን ነው?" መባልን ነው እላለሁ። ኖታሪስነቴ እንዳይነካ። ደግሞ አንዳንድ ቀን፣ ይህን ለመናገር ከሁሉም ይልቅ ይከብደኛል፣ ደስ ብሎኝ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሊሆን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ። የትኛው ነው? ሦስቱም ናቸው? አንዱንም አላውቀው ይሆን?

ጊዜ ነበረኝ። በዚያ ሳምንት ለጋሽ ታምሩ ለብቻቸው ብነግራቸው ኖሮ በአንድ ስልክ ያስተካክሉት ነበር፤ እሳቸው እንኳን ሊንክ በሬም ያስገዛሉ። በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ጽፌም ነበር። ቃላቱን አስተካከልኩ፣ ነጥቡን አስተካከልኩ፣ ከዚያ አጠፋሁት።

ስክሪኑን የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ታምሩ "ኖታሪሷ ትግዛው፣ እሷ አትሳሳትም" አሉ። በእኔ ስልክ፣ በሚኪ ሊንክ፣ አንድ ጊዜ ተጫንኩት፤ ምስሉ መጣ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ሚኪ አሸነፈ። ዙሩ ሁሉ ያለቀው በእልልታ ነው። እትዬ ጽጌ ግጥሚያውን በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "አለቀ? አለቀ?" ሲሉ ነበር፤ ጋሽ ታምሩ ደግሞ "ገና ነው እመቤቴ፣ ግን እየመታው ነው፣ አይዞሽ" ሲሉ። ዳኛው የሚኪን እጅ ሲያነሣ ልጁ ወደ ካሜራው ዞሮ በተሰባበረ አማርኛው "አመሰግናለሁ፣ የኔ ሰዎች" አለ። ግራ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር። ወንዱ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያን ምሽት ሳስበው እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም፤ ልጁን የጎዳው ደግሞ ያው ፍቅር ነበር፤ በሩን የከፈትኩለት እኔ።

ዓይኑን ሐኪም አየው። ሬቲናው፣ የውስጠኛው የዓይኑ ሽፋን፣ መላቀቅ ጀምሮ ነበር። በሌዘር ሰፉለትና ከእንግዲህ አንዲት ቡጢ እዚያ እንዳታርፍ አሉት። ሄንክም "በቃ፣ አለቀ። ከእንግዲህ ፎጣ ይዤ ጥግህ ላይ አልቆምም" አለው። ሁላችንም ተመስገን አልን፤ መጀመሪያም ሊያቆም አልነበር?

ከዚያ የሽያጩ ሂሳብ መጣ። ገዢዎቹ ድርሻው ወደሚጀምርበት ቁጥር አልተጠጉም። የተቀነሰውን ቁርጥ ብቻ አገኘ፤ እሱም ተቆራርጦ ሲያልቅ ለጂም ሳይተርፍ፣ ያልተከፈለ የቤት ኪራዩን ሸፍኖ አለቀ።

ሚኪ ወረቀቱን ይዞ እንደ ፊተኛው ጊዜ ቤቴ መጣ። ዓይኑ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

"ሰብልዬ፣ ይኼ ሊሆን አይችልም" አለኝ። "ሁሉም ሰው አይቶኛል። ስኪፖል ያሉት ታክሲ ነጂዎች አይተንሃል ይሉኛል። ሱፐርማርኬት ስገባ የማላውቃቸው ሴትዮዎች ያቅፉኛል። አምስተርዳም፣ ዴን ሃግ፣ ሁሉም አይቶኛል። ታዲያ የት ሄዱ?"

የት ሄዱ። የአዳራሹን ቪዲዮ አይቶት ነበር፤ አልቅሶበታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ይገዛል ብዬ ያረጋገጥኩለት እኔ ስለሆንኩ፣ አዳራሹ በቤቶቹ ላይ የተጨመረ ይመስለው ነበር እንጂ፣ በቤቶቹ ፋንታ የመጣ መሆኑ አእምሮው ውስጥ ሊገባ አልቻለም። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ሰው የጎደለበት መሆኑን ማን ያስባል?

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። አንድም ቃል ሳላልፍ። ትክክል ነበር። አዘጋጁ አላጭበረበረም፣ ሄንክ ከሚገባው በላይ አንድ ሳንቲም አልወሰደም፤ እንዲያውም ለማረፊያ ካወጣው ከፊሉን ሳያስቆርጥ ትቶለት ነበር። ይህን አየሁ።

"ሄንክ በልቶኛል፣ አይደል?" አለኝ። "ወረቀቱ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው።"

እዚህ ላይ መናገር ይቻል ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ "ሄንክ አይደለም፣ እኔ ነኝ"። አማርኛው ቀላል ነው። ሆላንድኛውም ቀላል ነው። እኔ ግን ወረቀቱን አጣጠፍኩና "ምን ይታወቃል" አልኩት።

ምን ይታወቃል። ሁለተኛው ውሸቴ ይኸው ነው። ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ሄንክ ሌባ ነው አላልኩም። ብዙ ሌሊት ከዚህች ቀዳዳ ሾልኬ ለማምለጥ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነም። እኔ የማነበውን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ከእኔ አፍ "ምን ይታወቃል" ሲወጣ ፍርድ ነው። ሚኪ ያገኘው ፍርድ ስለሆነ ቀና ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ከሄንክ ጋር ተጣላ። ጓንቱን ትቶ ወጣ፤ "ኦም" ማለቱንም ተወ። ብዙም ሳይቆይ ሄንክ በስልኬ መልእክት ላከልኝ፤ ቁጥሬን ከውሉ ጊዜ ያውቀዋል። በትሕትናና በአክብሮት የተጻፈ ነበር፤ ሜፍራው፣ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ብሎ ይጀምራል። "ሜፍራው፣ ወረቀቱን አይተውታል። እባክዎ እውነቱን ይንገሩት። ስለ እኔ ስም ብዬ አይደለም፤ ያለ እኔ ሌላ ግጥሚያ እንዳይዝ ስለምፈራ ነው።"

ይህን ያነበብኩት ከዴን ሃግ ወደ ሮተርዳም ስመለስ በባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ ስኪዳም ይቆማል። ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። የሄንክ ጂም ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው። ተነሣሁ፤ እንዲያውም ቦርሳዬን ያዝኩ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ የምወርድ መስሏት ወንበሬን ልትይዝ ስትጠጋ "ይቅርታ፣ አልወርድም" አልኳትና መልሼ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ለሄንክ መልስ አልጻፍኩለትም።

ሄንክ የፈራው ደረሰ። ሚኪ አምስተርዳም ውስጥ ሌላ ማናጀር አገኘ፤ በቁርጥ፣ በጥሬው የሚከፍል። ለጂሙ የጎደለውን በአንድ ግጥሚያ ትሞላለህ አለው። ግጥሚያው የዓይን ምርመራ በጥብቅ በማይጠየቅበት አገር ነበር። ለእናቱ ሊዝናና እንደሚሄድ ነገራቸው፤ ለእኔም አልነገረኝም። ሄንክ አብሮት ቢኖር ኖሮ ግጥሚያውን ለማስቆም ፎጣ መወርወር ሳያስፈልገው፣ ገና ከመነሻው አውሮፕላኑ ላይ አያሳፍረውም ነበር። ሚኪ በግራ ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው።

እትዬ ጽጌ ከሆስፒታል ሲደውሉልኝ አላለቀሱም። ድምፃቸው ደርቆ ነበር። "ያ ሄንክ የሚሉት ሌባ ባይሆን ልጄ እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? እግዜር የእጁን ይስጠው" አሉኝ። "አንቺ እንኳ ነቅተሽበት ባትነግሪን ዛሬም አብሮት ነበር" አሉ። ዝም አልኩ። "ሰብለ፣ አለሽ?" "አለሁ እትዬ።"

አለሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሚኪ ስኪፖል ሻንጣ ይጭናል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ በኸሜንተው፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ሻርሎይስ ውስጥ ልጆች ያስተምራል። የሚያስተምረው በነጻ ነው። ባለፈው መክሰስ አድርሼለት ልወጣ ስል ልጆቹን ሰበሰባቸውና አስተዋወቀኝ። "እቺ ሰብለ ናት። አንድ ቀን ውል ቢሰጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለሷ አሳዩ፣ ያ ቶኽ፣ አይደል? እኔን ማን እንደበላኝ ያወቀችው እሷ ናት።" ልጆቹ በአክብሮት አዩኝ። እሱም በደህናው ዓይኑ አየኝና ሳቀ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ሄንክ ጂሙን አልዘጋም፤ የሐበሻ ልጅ ግን ወደ እሱ አይሄድም። ሌባ ነው ይባላል። ማን አለው ሲባል ማንም አያውቅም፤ "ሰብለ ወረቀቱን አይታው ነበር" ይባላል እንጂ። ስኪዳም ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኘን። ራሱን ጎንበስ አድርጎ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

ታዲያ በደሌ የቱ ነው? ልጁን ከምርጫው ማስቀየሬ? ለእናቱ ልዩነት የለውም ማለቴ? በንጹሕ ሰው ላይ ምን ይታወቃል ማለቴ? ስኪዳም ላይ አለመውረዴ? ወይስ ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት የበላሁት እያንዳንዱ ጉርሻ? አንዱን ሳነሣ ሌላው ይከተላል፤ አንዱን ይቅር ብባል ሌላው ይቀራል። መነሻውን ባገኘው የምገላገል ይመስለኝ ነበር። አሁን መነሻውን መፈለጌ ራሱ ጊዜ መግዣ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አይጠፋኝም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሚኪ በማያነበው ፊደል ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ያወራል፤ አያነብም። እናቱም ዓይናቸው ደክሟል። ስጽፍ ሆላንድኛ እያለልኝ ይህን ፊደል የመረጥኩት ለምን እንደሆነ እርስዎም ገብቶዎታል፤ እኔም ገብቶኛል። በዚያ ቤት አማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ሲገኝ የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ስኪዳም እወርዳለሁ። ሄንክ ቢመጣልኝ ይዤው፣ ባይመጣ ብቻዬን ወደ እነሱ ቤት እሄዳለሁ። ይህን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እትዬ ጽጌ እንደ ልማዳቸው "ምን ይላል?" ይሉኛል። ሚኪም ወንበሩን ስቦ በደህናው ዓይኑ በኩል ዞሮ ይቀመጣል። እዚህ መጨረሻ ላይ ይቅር በሉኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንብቤ ስጨርስ ሊሉኝ የሚገባውን ቀድሜ ያስያዝኳቸው መሰለኝና ሰረዝኩት። እነሱ የሚሉትን ይሉኛል። እኔ የተጻፈውን አነብላቸዋለሁ፤ አንድም ቃል ሳላልፍ።